ትርፍ ሽቦ

ይግቡ፣ ይግቡ እትዬ። በሩን ገፋ ያድርጉት፣ ትንሽ ያንገራግራል። እዚህኛው ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ በዚያኛው ላይ መርፌ ሰክቼበታለሁ። ጉልበትዎስ እንዴት ሆነ? እህትዎ ቤት አንድ ወር መቆየትዎ በጅቶዎታል፣ ፊትዎ ወዝ አውጥቷል። መጋረጃዎ አልቋል ማለት ይቻላል። የታችኛው እጥፋት ብቻ ነው የቀረኝ፤ ሻይዎን እስኪጠጡ እጨርሰዋለሁ። ሰፊ መስኮት ያለው ቤት እንዴት ጨርቅ ይበላል መቼም...

ልጅዎ? ደህና ነው። የኔን ልጅ ካገባ ይኸው አራት ዓመት ሞላው፤ አንድ ቀን እንኳ «አላውቅም» ሲል ሰምቼው አላውቅም። እንዲህ ያለ አማች ስንቱ ሰው ያገኛል?

እርስዎ ባልነበሩበት ግን ወንድሜ ቤት አንድ ነገር ሆኖልዎታል። አይ፣ ስለ ልጅዎ አይደለም። ስለ ሌላ ሰው ነው... ስለ አንድ ሰው። ስሙን አልጠራም፣ ሰው ማማት አልወድም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? ታዲያ እሱም እንዳይሰማ፣ እናቱም እንዳትሰማ ብዬ ነው።

ታላቅ ወንድሜን ያውቋቸው የለ፣ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡትን? ሚስታቸው ከሞተች አሥራ አንድ ዓመት ሆናት። የስልክ ኦፕሬተር ነበረች፤ ሰውን ከሰው ስታገናኝ የኖረች። ልጃገረድ ሳለች አንድ ኤግዚቢሽን ላይ የሰው ድምፅ በሸክላ የሚቀርጹ ሰዎች ድንኳን ተክለው ነበር። ገባችና ሦስት ደቂቃ ተቀረጸች። የቀረችው ያቺ አንዲት ሸክላ ናት፤ ከዚያ ሌላ ድምፅዋ የትም የለም። ማጫወቻው ደግሞ ተበላሽቶ ቁም ሳጥን ላይ ስንት ዘመን አቧራ ሲጠጣ ኖረ።

በቀደም ወንድም ጋሼ ተነሡና ጠጋኝ ጋ ወስደው አሠሩት። ጠጋኙ ጥቂት የሚናገር ሰው ነው... አዋቂ መሆኑን ያወቅሁት በዚያ ነው። ሁለት ነገር አላቸው። «ይቺ ሸክላ ስስ ናት። መርፌው በሄደባት ቁጥር ይፍቃታል። ጥቂት ጊዜ ነው የምትሰማው፣ አያባክኗት።» ይሄ አንድ። ሁለተኛው፣ «ከሪሲቨሩ ጋር እኔው መጥቼ ላገናኝልዎ» አላቸው። ሪሲቨር የሚሉት ያንን ስፒከሮቹን የሚያናግረውን ጥቁር ሳጥን ነው። የሸክላ ማጫወቻ ለብቻው ዲዳ ነው እትዬ፤ ከሳጥኑ ጋር ካልተገናኘ አይናገርም። ብቻቸውን የሚናገሩት ሌሎች ናቸው።

«እኔ እያለሁ ለምን ባዳ ይጠራል?» አለ፣ ያ ሰው።

እውነቱን እኮ ነው። ምን ጎድሎት? ሦስት ቀን ሙሉ የእሳት ማጥፊያ አጠቃቀም ሠልጥኖ፣ ምስክር ወረቀቱን በመስተዋት አድርጎ ሳሎኑ ውስጥ ሰቅሏል። እሳት ያጠፋ ሰው ድምፅ ማጥፋት ያቅተዋል? ሙያ በልብ ነው ይላሉ አባቶች። የዚያ ሰው ሙያም ልቡ ውስጥ ሞልቶ ተርፏል፤ እስካሁን ወደ እጁ አልወረደም እንጂ።

ሚስት አለችው። አይ፣ አያውቋትም... እኔን ትመስላለች ይላሉ። የሰባት ወር እርጉዝ ናት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንድ ትልቅ የስብሰባ አዳራሽ ማይክሮፎንና ድምፅ ማጉያ ስታገናኝ የኖረች፣ በሥራዋ አንድ ቀን ጉባኤ ተቋርጦባት የማያውቅ። እሱ «ገመድ ጠቅላይዋ» ይላታል። በፍቅር ነው። ሰው የሚወደውን አይደል የሚያቆላምጠው?

እሑድ ከምሳ በኋላ ወንድም ጋሼ ቤት ተሰበሰብን። እኔ አለሁ፤ የኮታቸውን ገበር ላጠብቅላቸው መቀሴንና ክሬን ይዤ ነው የሄድኩት። ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ አለ። ፎቅ ላይ ያሉት ጡረተኛዋ አስተማሪ አሉ። ወንድም ጋሼ ፂማቸውን ተላጭተው፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ያቺን ሸክላ ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሴት ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ጎረምሳ ነው የሚመስሉት።

ያ ሰው ትልቅ ቦርሳ ይዞ ገባ። ከቦርሳው አምስት ሜትር ገመድ አወጣ።

«ከማጫወቻው ጋር የመጣ ገመድ አለ እኮ» አለች ሚስቱ።

«እሱ አጭር ነው። ድምፅ እንደ ወንዝ ነው፣ መንገድ ሲሄድ ነው የሚጠራው» አላት።

እንዴት ያለ አነጋገር ነው? አስተማሪዋ ማስታወሻ ደብተር ፈለጉ። ድምፁ መንገድ እንዲያገኝ ብሎ ማጫወቻውን መስኮቱ ሥር፣ ሪሲቨሩን በሩ አጠገብ አስቀመጠ። መሐላቸው እኛ። የመስኮቱ ጠረጴዛ አንድ እግሩ ስለሚያጥር ተንገዳገደ። ጠጋኙ «ይቺን ሳያነቡ እንዳይነኩት» ብሎ ለወንድም ጋሼ የሰጣቸው መመሪያ ነበረች፣ ትንሽ ደብተር። ያ ሰው አራት አጥፎ ከጠረጴዛው እግር ሥር ከተታት። ጠረጴዛው ቀጥ አለ። ዕውቀት መሠረት ነው ሲሉ በከንቱ አይደለም ለካ።

ከማጫወቻው ኋላ ደግሞ ከገመዱ ሌላ አንዲት ቀጭን አረንጓዴ ሽቦ ተንጠልጥላለች።

«ይቺስ ምንድን ናት?» አሉ ወንድም ጋሼ።

«ትርፍ ናት። ፋብሪካው ረስቷት ነው» አለና መቀስ ጠየቀ።

መቀሴን ሰጠሁት። የጨርቅ መቀሴን እትዬ፣ ሠላሳ ዓመት ወረቀት እንኳ አስነክቼው የማላውቀውን። ሚስቱ «ኧረ ያቺ የመሬት...» ስትል ሽቦዋ ወለሉ ላይ ወደቀች። «አንቺ ተቀመጪ፣ ኤሌክትሪክ ለእርጉዝ አይሆንም» አላት። ተቀመጠች። ሽቦዋን አነሣችና ጣቷ ላይ እንደ ቀለበት ጠመጠመቻት። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባላል። እኔ ፈራጅ አይደለሁም፣ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የማየው ቀዳዳውን ብቻ ነው።

ሻዩ ስኳር አነሰው እንዴ? ፊትዎ ኮምጠጥ ሲል አየሁ ልበል... ይጨምሩበት፣ ይኸውልዎ።

ከሪሲቨሩ ኋላ ቀዳዳው መዓት ነው። ከየቀዳዳው በላይ ተጽፏል። አንዱ «ፎኖ» ይላል፤ የሸክላ ማለት ነው፣ ሚስቱ ኋላ ነግራኝ። ያ ሰው ግን ሌላ ሰው በጻፈው የሚመራ አይደለም፤ በራሱ የቆመ ነው። መሐል ያለውን ቀዳዳ መረጠ። «መሐል ሁልጊዜ ሚዛን ነው» አለ። ወንድም ጋሼ ሸክላዋን በሁለት እጃቸው ሰጡት። መርፌው ወረደ።

ጉንዳን ለጉንዳን ምሥጢር ሲያወራ ሰምተው ያውቃሉ? እኛም አልሰማንም። ሁላችን ተጠጋን። ወንድም ጋሼ በዚያ ወገባቸው ተንበርክከው፣ የመስሚያ መሣሪያ ያለበትን ጆሯቸውን ስፒከሩ ላይ ለጠፉ። ያ ሰው ድምፁን እየጨመረ፣ እየጨመረ መጨረሻው አደረሰው። ምንም የለም። «የድሮ ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው» አለ። አስተማሪዋ ዓይናቸውን ጨፍነው «እኔ የሰማሁ መሰለኝ፣ ውኃ ውኃ ይላል» አሉ። የወጥ ቤቱ ቧንቧ ነበር።

«ቀዳዳው ይሆን?» አለች ሚስቱ፣ ቀስ ብላ።

«እሱን ልሞክር እያሰብኩ ነበር» አለ። ገመዱን ነቅሎ ፎኖ ወደሚለው አዞረው። ድምፁን መልሶ መቀነስ ግን... እንግዲህ ሰው አንድ ሰው ነው፣ ስንቱን ያስብ? መርፌው እንደገና ወረደ።

የሆነውን ድምፅ አልለውም እትዬ፣ ግድግዳ ነው የመጣብን። የወንድም ጋሼ የጆሮ መሣሪያ ተስፈንጥሮ ሻይ ውስጥ ገባ። ፀጉር አስተካካዩ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ፣ እዚያው ሆኖ «ጥርት ያለ ድምፅ ነው» አለ፤ ጨዋ ሰው ነው። የግራው ስፒከር ሆዱ ላይ እንደ መጥፎ ስፌት ተተረተረ። ያ ሰው ብቻውን ቆሞ ቀረና «አያችሁ? ይሠራል» አለ።

ድምፁን ሲቀንሰው አንድ ነገር ቀረ። እምምምምም... የሚል። አንድ ቀፎ ንብ እስኪመስል። ከእምምታው ሥር፣ ራቅ ብላ፣ አንዲት ሴት ታወራለች፤ ምን እንደምትል አይለይም። «ይሄ የሸክላ እስትንፋስ ነው። ኦሪጅናል ሲሆን ነው የሚተነፍስ» አለን። እስትንፋስ ነው ከተባለ ምን ይደረጋል? ተቀምጠን እምምታ ሰማን። ሸክላዋ አለቀች። አስተማሪዋ አጨበጨቡ። ፀጉር አስተካካዩ እንባውን ጠረገ፤ ለማን እንዳለቀሰ እሱም አያውቅም። ወንድም ጋሼ ግን የጆሮ መሣሪያቸውን በመሐረብ እያደረቁ «እሷ ናት፣ ግን ምን አለች?» ብለው ጠየቁ።

ያ ሰው መልሶ አጫወታት። ገመዱን ጠምዝዞ አጫወታት። ስፒከሩን ወደ ግድግዳ አዙሮ አጫወታት።

«ልጄ፣ አምስት ጊዜ ሆነ እኮ» አሉት ወንድም ጋሼ። «ጠጋኙ ትፋቃለች ብሎኛል።»

«ጋሼ፣ ሸክላ ሲሞቅ ነው የሚያምረው» አላቸው።

ስድስት አልን። በሰባተኛው፣ ያ ሰው መርፌውን ሊያነሣ የማጫወቻውን ብረት ነካ፤ እምምታው ቀነሰ። እጁን ሲያነሣ መጣ። መልሶ ሲነካ ቀነሰ። እትዬ ይሙቱ፣ ዓይኑ ሲበራ ማየት ነበረብዎ። የሰው ልጅ ገላ ድምፅ ያጠራል ማለት ነው፤ ግን ማጫወቻው መስኮት ሥር፣ ሳጥኑ በር ሥር፣ አንድ ሰው ደግሞ አምስት ሜትር አይረዝም። «እጅ ለእጅ ተያያዙ» አለን።

ተያያዝን ወይ? ምን እናድርግ ታዲያ። ወንድም ጋሼ በአንድ ጣታቸው የማጫወቻውን ብረት ነኩ። በሌላ እጃቸው አስተማሪዋን ያዙ። አስተማሪዋ እኔን፣ እኔ ፀጉር አስተካካዩን፣ እሱ ደግሞ ግራ እጁን ዘርግቶ ከሳጥኑ ኋላ ያለች አንዲት ብሎን ነካ። በስልሳ አንድ ዓመቴ ሽቦ ሆንኩ። ያ ሰው ራሱ ግን አልገባም። «አዳማጭ ያስፈልጋል» ብሎ መሐላችን ቆሞ በእጁ ምልክት ይሰጠን ነበር። እጄ አልቦኝ «ልጥረገው?» ብለው፣ «ላብ ጥሩ ነው፣ ኤሌክትሪክ ይወደዋል» አለኝ። ፀጉር አስተካካዩ ሲያስነጥሰው ንቡ ሁሉ ተመልሶ መጣ። «ከመጀመሪያ» ተባለ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ። እኛም አራት ሆነን አብረን የአንዲት ቀጭን ሽቦ ቦታ መሸፈን አቃተን።

ስምንት። ዘጠኝ።

በዘጠነኛው ላይ አስተማሪዋ በጭንቀት ወንድም ጋሼን ሲያዩ አየኋቸው። ወደ ወንድም ጋሼ ዞር አልኩ። ፊታቸው ወደ መስኮቱ ስለሆነ አይታየኝም። ሸክላዋ በተዞረች ቁጥር ከድምፅዋ ላይ ምን ያህል እንደሚፋቅ ከሁላችን በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። ግን ሰው ፊት ሰው ማሳፈር አያውቁም። ጣታቸውን ከብረቱ አላነሡም። «እጃቸው በረዶ ሆኖብኝ ነበር» ብለውኛል አስተማሪዋ ኋላ።

ያን ጊዜ ሚስቱ ተነሣች።

«ተቀመጪ አላልኩሽም?» አላት። ኤሌክትሪኩን ነቀለች። ፀጉር አስተካካዩን «ማጫወቻውን እዚህ፣ ከሳጥኑ አጠገብ ያድርጉልኝ» አለችው። አምስት ሜትሩን ገመድ ጠቅልላ... መጠቅለሉን ታውቅበት የለ፣ ባሏ ቦርሳ ውስጥ ከተተችና አጭሩን ሰካች። ከጣቷ ላይ ያቺን አረንጓዴ ሽቦ ፈታች። ጫፍና ጫፏን በጥርሷ ላጠች። አንዱን ጫፍ ከተቆረጠው ጉራጅ ጋር ጎነጎነች፤ ሌላውን ፀጉር አስተካካዩ ሲነካት ከቆየው ብሎን ሥር አሰረች። ስንት ደቂቃ ፈጀ መሰለዎ? እኔ አንድ ቁልፍ ተክዬ ክር እስክበጥስ ድረስ።

«ይቺ የመሬት ሽቦ ናት» አለች። «መሬት ካልነካ፣ ሲጮህ ነው የሚውለው።»

ስለ ሽቦው ነው የተናገረችው። ስለ ሽቦው።

መርፌው ወረደ። ዝም። እንዲህ ያለ ዝምታ ቤት ውስጥ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ ቅርፍፍ፣ ቅርፍፍ... አሸዋ ላይ እንደሚሄድ ጫማ። አንድ ደቂቃ አሸዋ። ሁለት ደቂቃ አሸዋ። መካከል ላይ አንድ ቃል ብቅ ይልና ይሰምጣል። ተፍቃ አልቃለች እትዬ። ወንድም ጋሼ ቆመው ይጠብቃሉ። መጨረሻው ላይ፣ መርፌው መሐል ሊደርስ ሲል፣ እሷ ሳቀች። ክፍሉ ውስጥ ያለች ነው የሚመስለው። «ምን ልበል እንግዲህ... ደቂቃው አላለቀም?» አለች። ከዚያ በዚያ በሥራ ድምፅዋ፣ «መስመር ላይ ይቆዩ፣ አገናኝዎታለሁ» አለች። አለቀ።

ወንድም ጋሼ ተቀመጡ። «ጎረምሳ ሆኜ ከአውቶቡስ ማቆሚያው እደውል ነበር» አሉን። «የምደውልለት ሰው አልነበረኝም። 'ከማን ጋር ላገናኝዎ?' ትለኛለች፣ 'ከማንም' እላታለሁ። ያን ጊዜ ነው እንዲህ የምትለኝ።»

ያ ሰው ግን አላስቻለውም። «አየሽ፣ ልክ እንዳሰብኩት አደረግሽው» አላት ሚስቱን። ወደ እኛ ዞሮም፣ «በዓይኔ ነው የመራኋት» አለን። እንዲህ ያለ ዓይን ስንት ሰው አለው? ሌላው ሰው በዓይኑ አይቶ ብቻ ነው የሚቀረው።

ወንድም ጋሼ አልተቆጡትም። ሸክላዋን ከረጢቷ ውስጥ መልሰው መሳቢያ ቆለፉባት። «ከዚህ በኋላ አላጫውታትም፤ የቀረችው እዚያ ትኑር» አሉ። ማጫወቻውንና ሪሲቨሩን ለሚስቱ ሰጧት። «እኔ ምን ላደርገው፣ የሚወለደው ልጅ ይስማበት» አሏት። ከዚያ ጎንበስ አሉ፣ በዚያ ወገባቸው፣ ጠረጴዛውን በአንድ እጃቸው ብድግ አድርገው መመሪያዋን ከእግሩ ሥር አወጡ። ጭናቸው ላይ ዘረጓት። እጥፋቱን በመዳፋቸው አሹት፣ እኔ ሐር እንደማቃናው። ተነሥተው፣ በሁለት እጃቸው፣ እንደ ሽልማት ለዚያ ሰው ሰጡት። «ይቺ ደግሞ ላንተ ልጄ።»

ተቀበላቸው። «በትርፍ ጊዜዬ አያታለሁ» አላቸው። ትሑት ነው።

ሚስቱ ከዚያ ሦስት ቀን እዚህ እኔ ሶፋ ላይ ነው የተኛችው። እንዴት ከዚያ ሰው ቤት እኔ ሶፋ ላይ ደረሰች አይበሉኝ፤ እርጉዝ ሴት የሚመቻትን ቦታ ራሷ ታውቃለች። አላለቀሰችም። አንድ ጊዜ ብቻ «እማዬ፣ ሰውዬው ዘጠኝ ጊዜ ሲያጫውታት ለምን ቀድሜ አልተነሣሁም?» አለችኝ። እማዬ ያለችኝ በአክብሮት ነው፣ ትልቅ ሰው ስለሆንኩ። በአራተኛው ቀን ተመለሰች። «ቤቴ ነው፣ ሽቦው ቢቆረጥም ይቀጠላል» ብላ። እኔ ምን እላለሁ? ሰው ከሚቀጥል ጋር ከተጋባ፣ ሲቆርጥ ቢኖር ምን ገደደው?

እሱማ ታወቀ፤ ዝናው ወጣ። ካርድ አሳትሟል፣ «የድምፅ አማካሪ» የሚል። ለፀጉር አስተካካዩ አሥር ሰጥቶት፣ ፀጉር አስተካካዩም ጨዋ አይደል፣ አንዷን መስተዋቱ ጥግ ሰክቷታል። ደንበኛ ሁሉ ጢሙን እየተላጨ ያነባታል። ፀጉር አስተካካዩ ታሪኩን ሲነግራቸው ግን ምላጩን ከአንገታቸው ያነሣል፤ ሲስቁ እንዳይቆርጣቸው። ማክሰኞ ዕለት ደግሞ ያ ሰው ጠጋኙ ሱቅ ሄዶ ስለ ሥራው ምክር ለግሶት ተመለሰ አሉ። ጠጋኙ ምን አለ ሲባል... ምንም። ነግሬዎታለሁ፣ አዋቂ ነው።

እናቱ? እናቱማ ደግ ሴት ናት፣ ክፉ አይወጣኝም። ከልጅነቱ ጀምሮ ተሳስተሃል ብላው አታውቅም ይላሉ። እንዴት ያለ ፍቅር ነው? አንድ ቀን ሳገኛት እጇን ስሜ፣ እንዴት አድርገሽ ነው ያሳደግሽው ብዬ እጠይቃታለሁ።

ይኸው፣ መጋረጃዎ አለቀ። እጥፋቱን ሁለት ጊዜ መትቼዋለሁ፣ አይተረተርም። ሻይዎን ሳይጨርሱ ተነሡ? ማን ናት ደጅ ላይ የቆመችው፣ ትንሿ ልጅዎ አይደለችም? ልትወስድዎ መጥታ ነው? እንዴት አምሮባታል። ቀለበት አሰረች ሲሉ ሰምቼ፣ ከእርስዎ አፍ ልስማው ብዬ ነው ዝም ያልኩት። እንኳን ደስ ያለዎ እትዬ።

ቆይ፣ ሳልመርቃትማ አትሄዱም። የኔ ምርቃት ይደርሳል ይላሉ። ትዳሯ የሰመረ ይሁን። ጓዳዋ አይጉደል። ዘሯ ይባረክ። ባሏን ደግሞ ቁርጥ ወንድሟን ያድርግላት... በጠባይም፣ በዕውቀትም፣ በሁሉም ነገር ቁርጥ ወንድሟን።

ምነው እትዬ... አሜን አይሉም?